ዳኛው የናጡት ክሬም

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ይድረስ ለአባቴ። እንደምን ከረሙልኝ? የእማዬ ወገብ ተሻለው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ለደብዳቤ ወግ ነው እንጂ፣ አባዬ፣ ከኅዳር ወዲህ ደኅና አይደለሁም።

ስልኬን እንደማያነሡ ሳውቅ መደወሉን ትቻለሁ። ጽሑፍ ግን ሳያነቡ እንደማይጥሉ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዘመን የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የሰው ማመልከቻ ሳያነቡ መልሰው አያውቁም። የባዳውን ካነበቡ የልጅዎን አይጥሉም ብዬ ይህን ወረቀት ለሞላሌው አውቶቡስ ሹፌር ሰጥቻለሁ።

ነገሬ አጭር ነው። የአባይነህ ሽማግሌዎች ከዘመሮ ድረስ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም ከደጅ መለሷቸው። ሦስተኛውን ግንቦት ሠላሳ ይመጣሉ። እሱንም ከመለሱ አራተኛ እንደሌለ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አባይነህን እወደዋለሁ፤ ያለ እርስዎ ምርቃት ግን ከቤቱ አልገባም። ቃሌ ነው።

ለምን እንደመለሷቸው እማዬ ነግራኛለች። ሽማግሌ ከተቀመጠ «ልጂቱ ምን ትሠራለች?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ሆቴል ገባሁ ስልዎ እርስዎ በልብዎ ቢሮ አስገቡኝና ለሰው ሁሉ «ጸሐፊ ናት» አሉ። ኋላ ያ የሞላሌ ሰው ከመጠጡ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ አይቶኝ መጥቶ ነገረዎ። ደውለው «ኮማሪ ሆንሽ?» አሉኝ፤ ዘጉት። አሁን ሽማግሌ ፊት መዋሸት አይችሉም፤ እውነቱንም መናገር አይችሉም። ስለዚህ በሩን ዘጉት።

«የማላውቀውን ሥራ ምን ብዬ እመሰክራለሁ?» አሉ አሉ። እንግዲያው ይወቁት፤ በእጅዎ ሠርተው ይዩት። ጣሊያኖች ቲራሚሱ የሚሉት፣ በቡና የራሰ፣ ክሬም የተኛበት ኬክ አላቸው። እኔ ያንን ኬክ በብርጭቆ የሚጠጣ አድርጌዋለሁ። ሆቴላችን ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ከራት በኋላ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አሠራሩ ይኸውልዎ። የላሟን ጥሬ ወተት በሰፊ ሳህን ያሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የሚጋግረውን ስልባቦት ብቻ ይሰብስቡ። እስኪወፍር ይምቱት። ጠቆር ያለ ቡና አፍልተው በሙቁ አንድ ማንኪያ ማር ያሟሙበት፤ ይቀዝቅዝ። ሁለት ማንኪያ አረቄ ይጨምሩ። ስልባቦቱን በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገው ከላይ ያስተኙት። በመጨረሻ የላክሁልዎትን የካካዎ ዱቄት በሻይ ማጥለያው ነስነስ ያድርጉበት። ከዚያ ይቅመሱና ይፍረዱ። ይህ የሚያሳፍር ሥራ ነው ካሉ ሁለተኛ አላስቸግርዎም።

ልጅዎ ትህትና


ሞላሌ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለትህትና ሽመክት።

አለሁ። እናትሽም አለች። ላሚቱም አለች። ጉዳዩ ውሳኔ ያላገኘ ስለሆነ ከዚህ የረዘመ ሰላምታ አልሰጥም።

ማመልከቻሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «ኮማሪ» ማለቴን አልክድም፤ ብያለሁ። ለምን እንዳልሁ ግን አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልነግርሽም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ራሴ ሠርቼ ሳላይ አልፈርድም አልሁ። ማክሰኞ እናትሽ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ የጓዳውን በር ዘጋሁ። ሞላሌ ላይ ሽመክት ቅል ታቅፎ ሲንጥ ታየ ከተባለ ማን ያስቀምጠኛል? ስልባቦቱን በመናጫው ቅል ጨምሬ ናጥሁ። «እስኪወፍር» ነው ያልሽው። ወፈረ። ገና ነው ብዬ ቀጠልሁ። በመንዝ ወተት የያዘ ሰው ቅቤ ሳያይ እጁን አይሰበስብም፤ ይህን እያወቅሽ መቼ እንደሚቆም ሳትጽፊ መላክሽ ያንቺ ጥፋት ነው። የቅሉ ድምፅ ሲለወጥ ከፈትሁት። እንቁላል የምታህል ቅቤና አንድ ኩባያ አሬራ።

ቅቤዋን ቆንጠር አድርጌ ቡናው ላይ ጣልኋት። ተንሳፈፈች፤ መንሳፈፉንስ ተንሳፈፈች። ዱቄቱንም ነሰነስሁ። ጠጣሁት። ጢሜ ላይ ረጋ። አረቄ አልጨመርሁም፤ አረቄ ከዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ውሳኔ፦ ማስረጃው ስላልተሟላ ጉዳዩ ተቀጥሯል። መቼ እንደሚቆም ጽፈሽ ላኪ። በሰኔ ሁለት የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ ከዚያ ወዲያ ወተት አልነካም፤ እወቂው።

ሽመክት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ!

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብሁት። ጢምዎ ላይ የረጋው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ የያዝሁትን ብርጭቆ ሰበርሁ። ከሳቅሁ ስድስት ወሬ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእርስዎስ ይኸው እየታሸ አይደል!

ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምኛለሁ። የሰው እጅ የለመደውን እንደሚሠራ ረስቼ ነው። አሁን ቅሉን ይተዉት። ጎድጓዳ ሳህን ደጅ ላይ ያሳድሩ፤ የሞላሌ ብርድ ከኛ ማቀዝቀዣ ይበልጣል። ስልባቦቱን በሹካ ይምቱ። ሹካውን ሲያነሡት ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ሲደፋ ያቁሙ። እጅዎ «ቀጥል» ይልዎታል፤ እንዳይሰሙት።

በእማዬ በኩል ላስጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ፦ አይ፣ ሰክሬ አላውቅም። ለቅምሻ ምላሴን አስነካለሁ እንጂ አልጠጣም። ደግሞም አዎ፣ የሚያስቸግር ወንድ አለ። ብርጭቆውን አነሣበታለሁ፣ ዘበኛውን እጠራለሁ፣ ያበቃል። ይህን በአካል ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መጠየቅዎ ግን ራሱ ደስ ብሎኛል።

አረቄው ካልገባበት ግን ጣፋጭ ቡና ነው እንጂ ሥራዬ አይደለም። ሁለት ማንኪያ ብቻ። ጎረቤታችን እትዬ ዓለሚቱ ጋ አለ። ለፍርድ ብለው ቢያስገቡት ቤቱ አይረክስም።

ትህትና


ሞላሌ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትህትና።

ስለ ሰካራሞቹ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ዘበኛው ጎበዝ መሆኑን በደንብ አረጋግጪ።

አረቄውን ራሴ ገዛሁ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ዓለሚቱ ቤት ገባሁ። ባለፈው ዓመት በድንበር ክርክር የፈረድሁበት ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሣልኝ። ዓለሚቱ አንድ ጠርሙስ አመጣች። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁና አሸተትሁት። «ይሄ መጨረሻ ላይ የተንጠባጠበው ነው፤ ድፍድፉም ምንቸቱ ላይ አርሮብሻል፤ መጀመሪያ የወረደውን አምጪ» አልኋት። አፏን ያዘች። ሁለተኛውን በክብሪት ለኩሼ ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን አየሁና ያዝሁት። ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እናትሽ በር ላይ ሆና «እንኳን ደኅና መጡ!» አለችኝ፤ ሳቋን በነጠላዋ ጋርዳ።

ሹካውን እንዳልሽው አደረግሁ። አንገቱን ደፋ፤ አቆምሁ። እጄ ቀጥል አለኝ፤ አልሰማሁትም።

አሁን የምጽፈውን በጥሞና አንብቢ። እናትሽ ወተቱን ያኖረችው እንደ ወትሮዋ በወይራ በታጠነ ዕቃ ነው፤ ስልባቦቱ ጢስ ጢስ ይላል። ከታች መራራው ቡና አለ፤ ማሩ አለ፤ አረቄው ጉሮሮ ላይ ሞቅ ይላል፤ ከላይ ጢስ ያለው ስልባቦት ያንን ሁሉ ሸፈን አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። ቀጥዬ ሁለተኛ ሠራሁ፤ የመጀመሪያው በአጋጣሚ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ሦስተኛውን ለምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ቅንጦት ነው። ግን እጅ ይፈልጋል፣ ልክ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሥራ ነው፤ ይህን መዝግቤያለሁ።

ስለ ሽማግሌዎቹ አልወሰንሁም። አታስቸኩዪኝ።

አባትሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ)

ትህትናዬ፣ እናትሽ ነኝ። ፖስታው ሳይታሸግ ነው የምጽፈው። አባትሽ ስልባቦቱን ሲመቱ በበሩ ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ስንጥ አንድ ቀን ላግዝሽ ያላሉ ሰውዬ ላንቺ ሲሉ ላባቸው ጠብ ብሏል። የመጀመሪያዋን ቅቤ አናቴን ተቀብቼያታለሁ። ልጄ፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዘው አለቀሱ። አረቄው ነው አሉ። አረቄው አይደለም። ጠይቂያቸው። እኔ ብጠይቅ አይነግሩኝም። ተናኘወርቅ።


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ።

የወይራ ጢሱን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። ትናንት ከእንጨት ሻጭ ፍልጥ ወይራ ገዝቼ ብርጭቆ አጥኜ ሠራሁት። ዋና አብሳያችን ቀምሶ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «አባቴ» አልሁት። አባቴ የሚለውን ቃል ስድስት ወር ሙሉ ሰው ፊት ሳልጠራ ከርሜ፣ እንዲህ ብዬ ስጠራው አፌን ሞላው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። አባዬ፣ እርስዎ በሕይወትዎ አረቄ ቤት ገብተው አያውቁም። ሰርግ ላይ እንኳ ሲቀርብልዎ መለኪያውን በእጅዎ ይከድናሉ። ታዲያ መዳፍ ላይ አሽቶ ማሽተትን ከየት አመጡት? ድፍድፍ ማረሩን በሽታ የሚለየው ዕድሜውን ሙሉ ያወጣ ሰው ነው። እኔ በዚህ ሥራ አራት ዓመት ቆይቼ እንኳ አልችልም። ማን አስተማረዎ?

እርስዎ ምስክር ሲያመነታ «የምታውቀውን ከየት አወቅኸው?» ይላሉ አይደል? እኔም እንደዚያ እጠይቅዎታለሁ። ካልፈለጉ አይመልሱ። ግን እኔን «ኮማሪ» ሲሉ ድምፅዎ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ያልተኛሁት በስድቡ አይደለም፤ በዚያ ድምፅ ነው።

ለሽማግሌዎቹ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። አባይነህ ምን እንደሚል በእማዬ በኩል ላስጠየቁኝም፦ ማታ ማታ «ጻፉ ወይ?» ብቻ ይለኛል።

ትህትና


ሞላሌ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ።

መልሱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህን አልቀድም።

አያትሽ ጌታነሽ እህል ነጋዴ አልነበረችም። እህል ነጋዴ ነበረች ብዬ ነው ያሳደግኋችሁ። ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻት፤ አረቄ እያወጣች ትሸጥ ነበር። የለበስሁት፣ የበላሁት፣ ደብረ ብርሃን ሄጄ የተማርሁት በዚያች ቤት ነው። መዳፍ ላይ ማሸትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከክፍሌ አንደኛ በወጣሁ ቁጥር ተማሪው «የኮማሪ ልጅ አንደኛ ወጣ!» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

በ1987 ዳኛ ሆኜ ስመረጥ ሄጄ ዝጊ አልኋት። «የዳኛው እናት አረቄ ትሸጣለች አታስብዪኝ» አልኋት። አልተከራከረችኝም። በማግሥቱ ምንቸቷን ለጎረቤት ሰጠች። ከኔ ቤት አመጣኋትና አስቀመጥኋት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በር በሩን ስታይ ትውል ነበር፤ ደንበኞቿን ነበር የምትጠብቀው። በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለኝ። እኔ ግን ሥራ ማጣቱ እንደገደላት አውቃለሁ። ስሟን ሰው ፊት ከጠራሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ።

እና አንድ ሰው መጥቶ «ልጅህን ከመጠጥ መደርደሪያ ኋላ አየኋት» ሲለኝ ያ ጭብጨባ ተመልሶ መጣ። ፈርቼ ነው፤ ልክ ብለሻል። ያቺን ሦስተኛ ብርጭቆ ይዤ የአረቄው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ እናቴ ከፊቴ የቆመች መሰለኝ። የሷን ቤት ዘግቻለሁ። አሁን ደግሞ ያንቺን ልዘጋ ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ይህን ቃል በችሎት ብዙ ሰው እንዲናገር አዝዣለሁ፤ ራሴ ስናገረው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ግንቦት ሠላሳ ቃል አልገባልሽም። ሽማግሌዎቹ ፊት ወኔው ይኖረኝ እንደሆነ አላውቅም። የሞላሌ ሰው ያከበረኝ እኔ የፈጠርኋትን የእህል ነጋዴ ልጅ አድርጎ ነው።

ሽመክት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይቅር ብያለሁ። ካነበብሁበት ደቂቃ ጀምሮ።

አልቅሻለሁ፤ ግን ደስም ብሎኛል። ለካ ይህ እጅ ከየትም አልመጣም! ከቤተሰባችን ማንም እንዲህ ያለ ሙያ የለውም እያልሁ፣ ለብቻዬ የበቀልሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ አያቴ ናት። ፎቶዋ የለንም? እንዴት ትስቅ ነበር? ቀጭን ነበረች ወይስ ደልዳላ? ሁሉን ይንገሩኝ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ አላስገድድዎም። ከሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢመልሷቸውም አባቴ ነዎት። እውነቴን ነው። ባይመልሷቸው ግን… እሱን መጻፍ አልችልም።

እግዚአብሔር የወደደውን ያድርግ።

ትህትና


ሞላሌ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የጰራቅሊጦስ ዕለት

ይድረስ ለውድ ልጄ ለትህትና። እንኳን አብሮ አደረሰን።

ሹፌሩ ነገ በጠዋት ስለሚነሣ ሳልዘነጋ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ትናንት አምስት ሆነው መጡ። መሪያቸው መምህር ተክለጻድቅ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። እንደ ደንቡ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። ሁለት ጊዜ እንደዚያው ቆመው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። እናትሽ ከኋላዬ ስትተነፍስ ይሰማኛል። «ቁጭ በሉ» አልሁ። ድምፄ ስለ ጠፋ ደግሜ አልሁት። ተቀመጡ።

መምህሩ የመጡበትን ተናገሩ፤ የልጁን ዘር ቆጠሩ። ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ «ልጂቱስ በምን ሥራ ላይ ናት?» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የፈረድሁት። ያን ጊዜ ተነሣሁ። እንዲህ አልኋቸው፦

«ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ መጠጥ ትቀምማለች። ጸሐፊ ናት ብያችሁ ነበር፤ ዋሽቻለሁ። እናቴ ጌታነሽ ገበያው ዳር አረቄ ትሸጥ ነበር። እህል ነጋዴ ናት ብያችሁ ነበር፤ እሱንም ዋሽቻለሁ። እኔ የኮማሪ ልጅ ነኝ። ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በእጇ ሥራ ነው። ልጄም የምትኖረው በእጇ ሥራ ነው። ይህን ቤት ከፈለጋችሁት ይኸው፤ ካልፈለጋችሁት ደግሞ በደኅና ግቡ።»

መምህር ተክለጻድቅ በትራቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። ኋላ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ሽመክት፣ ጌታነሽን እኮ ሞላሌ ሙሉ ያውቃታል። እኔ ራሴ ከዘመሮ በግ ነድቼ ስመጣ ዝናብ በያዘኝ ቀን ከደጇ አስገብታ አድርቃኛለች። እህል ነጋዴ ነበረች ስትል እየሰማን ዝም ያልነው እንዳናሳፍርህ ነው። አንተው እስክትነግረን ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቅን።»

ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ከማን እንደተደበቅሁ አሁንም አልገባኝም። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም አውቆ ያከብረኝ ነበር። የተሸፈንሁት ከራሴ ብቻ ነው።

ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲያስ የልጂቱን ሙያ አቅምሱና» አለ። ጓዳ ገብቼ ለሁሉም በገዛ እጄ ሠራሁ፤ በሩንም አልዘጋሁም። መምህሩ የመጀመሪያውን ጠጥተው «ይሄ ለነፍስ አይጎዳም ወይ?» አሉ። «ነገ ማታ ድረስ አይጎዳም፤ ከነገ ወዲያ ጾም ነው» አልኋቸው። እንግዲያው ድገመኝ አሉ። አምስቱም ጢማቸው ነጭ በነጭ ሆኖ ተቀምጠው ብታዪያቸው!

ልጄን ሰጥቻለሁ። መርቀዋል፤ እኔም መርቄያለሁ። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል።

ስለ አያትሽ የጠየቅሽኝን ሁሉ ከዚህ ቀጥዬ እጽፍልሻለሁ፤ ብዙ ነው። ደልዳላ ነበረች። ስትስቅ አፏን አትከድንም ነበር።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ እናትሽ አጠገቤ ተቀመጠችና «ምን ተሰማዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አሰብሁ። «ቀለለኝ» አልኋት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አባትሽ ሽመክት፣ የጌታነሽ ልጅ